ኤክስ-ሜን ከየት ይጀመራል? የአንድ ረጅም ኮሚክ ታሪክና የኪሳችን ጉዳይ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ልጄ ፊልሙን አይቶ ኤክስ-ሜን የሚባለውን ኮሚክ ግዛልኝ ብሎ ያዘኝ፤ ሱቅ ብሄድ ግድግዳው ሁሉ ኤክስ-ሜን ነው፤ ከቁጥር 1 ልጀምር ብል ቁጥር 1 የሚል በየዓይነቱ ሞልቷል፤ የቱን ልግዛ?» ትሉኛላችሁ። ሌላው ወገን የሚጠይቀኝ ደግሞ ስለ ንባብ ሳይሆን ስለ ሀብት ነው፤ «አሮጌ ኮሚክ ወርቅ ነው ይባላል፣ እውነት ነው ወይ?» የሁለቱም መልስ ያለው ታሪኩ ውስጥ ስለሆነ ዛሬ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ቡናችሁን ያዙና ተቀመጡ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ለማታውቁኝ፣ ዲሲ ታክሲ ነው የምነዳው። ኤርፖርት ወረፋ ላይ አንዳንዱ ካርታ ይጫወታል፣ አንዳንዱ በሀገር ጉዳይ ይጨቃጨቃል፣ እኔ ኮሚክ አነባለሁ። «በዚህ ዕድሜው የልጅ ሥዕል ያያል» ብለው ሲስቁ የነበሩት ሰዎች ዛሬ «ቶሎ ጨርስና አውሰን» ባዮች ሆነዋል። እንግሊዝኛዬንም ግማሹን የለቀምኩት ከዚያ ነው። ሥዕሉ ቃሉን ይፈታልሃል፣ መዝገበ ቃላት መግለጥ የለም።

እንግዲህ ኤክስ-ሜን ቁጥር 1 ሽፋኑ ላይ ሴፕቴምበር 1963 ይላል። አሳታሚው ኒውዮርክ ያለው ማርቭል፣ ጸሐፊው ስታን ሊ፣ ሠዓሊው ጃክ ከርቢ፣ ዋጋው 12 ሳንቲም። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሌሎቹ ጀግኖች ሸረሪት ነክሷቸው ወይ ጨረር መቷቸው ኃይል ሲያገኙ፣ እነዚህ ኃይላቸውን ይዘው የተወለዱ ናቸው፤ «ሚውታንት» ይባላሉ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ አንድ ፕሮፌሰር አራት ወንዶችና አንዲት ሴት፣ ሁሉም ጎረምሶች፣ በግል ትምህርት ቤት ስም ሰብስቦ ያሠለጥናቸዋል። ሕዝቡ ይፈራቸዋል፣ ይጠላቸዋል። እነሱ ደግሞ ያንኑ ሕዝብ ይጠብቃሉ።

እዚህ ላይ ተደጋግሞ የሚወራ አንድ ነገር ላንሳ። «ፕሮፌሰሩ ማርቲን ሉተር ኪንግ ነው፣ ጠላቱ ማግኒቶ ማልኮም ኤክስ ነው» ይባላል። ጥሩ ወሬ ነው፣ ፌስቡክ ላይ ላይክ ያመጣል። እኔ ግን የመጀመሪያዎቹን ቁጥሮች አንብቤ ያንን አላገኘሁም። የ1963ቱ ማግኒቶ ዓለምን ካልገዛሁ የሚል ተራ ክፉ ሰው ነው። የጦር ሰፈር ይይዛል፣ ሚሳይል ያበላሻል፣ ይፎክራል፣ በቃ። ማግኒቶ ሰው የሆነው፣ በልጅነቱ ኦሽዊትስ ከሚባለው የናዚ ማጎሪያ የተረፈ መሆኑ የተነገረን፣ በ1981 በቁጥር 150 ነው። 18 ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። በፊልሙ ያያችሁት ትልቅ ታሪክ መጀመሪያው ላይ የለም። ለልጃችሁ የ1963ቱን ከሰጣችሁት አምስተኛው ላይ ሳይደርስ ወደ ስልኩ ይመለሳል። ልጁን አትውቀሱት።

ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው አያውቀውም። መጽሐፉ አልሸጥ አለ። በ1969 ኒል አዳምስ የሚባል ድንቅ ሠዓሊ ገብቶ ሥዕሉን አሳመረው፣ ግን አላዳነውም። በ1970 መጀመሪያ ቁጥር 66 ላይ አዲስ ታሪክ መጻፍ ቆመ። ወራት አልፈው በዚያው ዓመት መጨረሻ መጽሐፉ እንደገና መውጣት ጀመረ። ነገር ግን ከቁጥር 67 እስከ 93 ያለው በሙሉ የድሮው ታሪክ ድጋሚ ኅትመት ነው! ሽፋኑ ላይ ቁጥሩ ይቆጥራል፣ ውስጡ የትናንት ወጥ ነው። እስከ 1975 ድረስ እንዲህ ሆኖ ቆየ። እና «አንድም ቁጥር አልጎደለኝም» የሚል ሰብሳቢ ስታዩ ሃያ ሰባቱን በድጋሚ እንደገዛ እወቁ። ሰብሳቢ ከሆነ መብቱ ነው፣ እሱ የሚሰበስበው ወረቀቱን ነው። እናንተ ግን ለልጅ የምትገዙት ታሪክ ነው። «ሙሉውን ከ1 ጀምሬ» የሚለውን ሐሳብ ከአሁኑ ጣሉት።

ትንሣኤው በ1975 መጣ። «ጃይንት-ሳይዝ ኤክስ-ሜን» ቁጥር 1 ይባላል፣ ዋጋው 50 ሳንቲም፣ ጸሐፊው ሌን ዊን፣ ሠዓሊው ዴቭ ኮክረም። መነሻው የንግድ ሐሳብ ነበር፤ ከተለያየ ሀገር የመጡ ጀግኖች ቢኖሩ መጽሐፉ በውጭም ይሸጥ ይሆናል የሚል። የድሮዎቹ ተማሪዎች አንዲት ደሴት ላይ ሲጠፉ ፕሮፌሰሩ ዓለምን ዞሮ አዲስ ሰው ይመለምላል። ከጀርመን ጅራት ያለው ሰማያዊው ናይትክሮለር፣ ከሶቭየት የጋራ እርሻ ኮሎሰስ፣ ከካናዳ ዎልቨሪን፣ ከአየርላንድ ባንሺ፣ ከጃፓን ሰንፋየር፣ ከአፓቼ ሕዝብ ተንደርበርድ፣ ከኬንያ ስቶርም።

እስቲ ይህንን እንደ ስደተኛ አንብቡት። በአክሰንት የሚያወሩ፣ በሀገራቸው አንድ ነገር የነበሩ፣ እዚህ መጥተው ከማያውቁት ሰው ጋር አንድ ቤት የሚኖሩ፣ በረባ ባልረባው የሚጣሉና ክፉ ቀን ሲመጣ የሚደጋገፉ ሰዎች። የመጀመሪያ ዓመት ለአምስት አንድ አፓርታማ የተከራየ ሰው ይህንን ቤት ያውቀዋል። ኮሎሰስ እርሻውንና ታናሽ እህቱን ሲናፍቅ ሳነብ እኔ ማንን እንደናፈቅኩ አልነግራችሁም።

ስቶርም ላይ ትንሽ ልቆይ። አባቷ አሜሪካዊ ፎቶ ጋዜጠኛ፣ እናቷ ኬንያዊት ልዕልት። በ1956 በስዊዝ ጦርነት ጊዜ ካይሮ ያለው ቤታቸው ላይ አውሮፕላን ወደቀና ወላጆቿ ሞቱ። ሕፃኗ ፍርስራሽ ሥር ከእናቷ ሬሳ ጋር ተቀብራ ቆይታ ወጣች። መብረቅ የምታዘው ሴት ጠባብ ክፍል ስትገባ የምትንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። ካይሮ ውስጥ ኪስ አውላቂ ሆና አደገች፣ ከዚያ በእግሯ ወደ ደቡብ ሄደች። ካርታ አውጡና እዩ፤ ከካይሮ ኬንያ በእግር የሚሄድ ሰው ወይ በኛ ወይ በጎረቤቶቻችን በኩል ማለፉ አይቀርም። የኛ ልጆች ዛሬ ወደ ሰሜን የሚሄዱበትን መንገድ እሷ ወደ ደቡብ ሄደችበት። የሚያናድደኝም አለ። በ1975 ስትመጣ ገበሬው ዝናብ ለማግኘት እንደ አምላክ ሲሰግድላት ነው የምናየው፣ ልብሷም ያው ልብስ ማለት ከተቻለ ነው። አፍሪካን ከሩቅ የሳለ ሰው እጅ ነው። እሷን ሴት ያደረጋት፣ ታሪክና ፍርሃት የሰጣት፣ ቀጥሎ የመጣው ጸሐፊ ነው።

እሱም ክሪስ ክሌርሞንት ነው። ለንደን ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የመጣ ሰው፣ ራሱም ከውጭ ማለት ነው። በ1975 ከቁጥር 94 ጀምሮ ያዘው፣ እስከ 1991 አልለቀቀም። 16 ዓመት በአንድ መጽሐፍ ላይ! በዚህ ሥራ ጸሐፊ ሁለት ሦስት ዓመት ከቆየ ቆየ ይባላል። ስለዚህ ዛሬ ሰው «ኤክስ-ሜን» ሲል በአብዛኛው ሳያውቀው የክሌርሞንትን 16 ዓመት ማለቱ ነው። «ከየት ልጀምር፣ የት ላቁም» ለሚለው መልሴም ይኸው ነው፤ እሱ ሲገባ ጀምሩ፣ እሱ ሲወጣ አቁሙ።

ከ1977 ጀምሮ ጆን በርን የሚባል ሠዓሊ ተቀላቀለው፣ ሁለቱም እየተጨቃጨቁ ምርጡን ሠሩ። በ1980 የፊኒክስን ታሪክ ጻፉ። ከመጀመሪያዎቹ አምስት ተማሪዎች ሴቷ፣ ጂን ግሬይ፣ ልክ የሌለው ኃይል ያዘችና ተበላሸች፤ ኮከብ ስትበላ ቢሊዮን ነፍስ ያለባት ፕላኔት አብራ ጠፋች። ጸሐፊዎቹ ያሰቡት ኃይሏን ተቀምታ በሕይወት እንድትቀር ነበር። ዋና አዘጋጁ ጂም ሹተር አሻፈረኝ አለ፤ ያን ያህል ሕዝብ የፈጀ ሰው ኃይሉን አስረክቦ ቤቱ አይገባም፣ ቅጣት ይኖረዋል ነው ክርክሩ። መጨረሻው እንደገና ተጽፎ ቁጥር 137 ላይ ሞተች። እኔ በዚህ ከአዘጋጁ ጋር ነኝ። ሕዝብ ፈጅተው ጡረታ ወጥተው በሰላም የሚኖሩ ሰዎች ካሉበት ታሪክ ለመጣን ለእኛ ይህ የኮሚክ ወሬ ብቻ አይደለም። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ በ1986 አሳታሚው «ያቺ እሷ አልነበረችም» ብሎ አስነሳት። ለሽያጭ ሲባል። ከዚያ ወዲህ በኮሚክ የሞተ ሰው ለቅሶ አልቀመጥም።

ክሌርሞንት አንድ ጠባይ አለው። ዛሬ አንድ ገጽ ላይ ትንሽ ፍሬ ይጥልና ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ ያበቅለዋል። ስለዚህ በቅደም ተከተል ነው የሚነበበው፤ ከመሃል ዘላችሁ ከገባችሁ ግማሹ አይገባችሁም። ለቅምሻ የሚሆኑ ብቻቸውን የሚቆሙ ግን አሉ። ቁጥር 141 እና 142፣ በ1981 የወጡት፣ ሚውታንቶች ማጎሪያ ውስጥ ካሉበት ከ2013 ዓመት አንዲት ሴት ሐሳቧ ወደ ኋላ ተልኮ ነገሩን ልታስቆም የምትሞክርበት ነው። 2013 እኛን አልፎናል፣ ታሪኩ ግን አላረጀም። ሌላው በ1982 ለብቻው የታተመው «ጋድ ላቭስ፣ ማን ኪልስ» ነው፤ ጥላቻን ከመድረክ የሚሰብክ ሰባኪ አለበት። ዕድሜው ከፍ ላለ ልጅ ስጡት፣ አብራችሁም አንብቡት፤ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ሕፃናት ይገደላሉ። በ1988 ደግሞ ጀኖሻ የምትባል ደሴት ትመጣለች። ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ወዲያ ያለች ሀብታም ሀገር፣ ሀብቷ ግን በባርነት ከሚሠሩ ሚውታንቶች ላብ የተገኘ። ያኔ ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ሥር ነበረች። ማን ማለታቸው እንደሆነ ለማንም አልጠፋውም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ።

መጽሐፉ ሲሸጥ አሳታሚው አበዛው። አንዱ ኤክስ-ሜን ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ፣ አራት ሆነ። በ1986 ደግሞ አንድ ታሪክ በብዙ መጽሐፍ እየተከፋፈለ መሄድ ጀመረ፤ ምዕራፍ አንድ እዚህ፣ ምዕራፍ ሁለት ሌላ መጽሐፍ ውስጥ። ታሪኩን ለመጨረስ ሁሉንም ትገዛለህ። ሚኒባስ ውስጥ ገብተህ በየፌርማታው እንደገና ሒሳብ እንደሚጠይቅህ ረዳት ማለት ነው።

ሌላው ለውጥ ሱቁ ነው። ቀድሞ ኮሚክ የሚሸጠው ጋዜጣ መሸጫ ላይ ነበር፣ ያልተሸጠው ለአሳታሚው ይመለሳል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ኮሚክ ብቻ የሚሸጡ ሱቆች በዙ። እነሱ በተሻለ ቅናሽ ይገዛሉ፣ ግን የገዙትን አይመልሱም። ይህንን ያዙልኝ።

በ1991 «ኤክስ-ሜን» ቁጥር 1 የሚል አዲስ መጽሐፍ ወጣ፤ ጸሐፊው ክሌርሞንት፣ ሠዓሊው ጂም ሊ። አምስት ዓይነት ሽፋን ነበረው፤ አራቱ ተገጣጥመው አንድ ትልቅ ሥዕል ይሆናሉ፣ አምስተኛው ሙሉውን የያዘ ውድ ወረቀት ነው። 8 ሚሊዮን ቅጂ አካባቢ ተሸጠ፤ እስከ ዛሬ በአንድ ቁጥር ይህን ያህል የተሸጠ የአሜሪካ ኮሚክ የለም። ታዲያ 8 ሚሊዮን አንባቢ ነበር? የለም። አንዱ ሰው አምስቱን ሽፋን ይገዛል፣ ሌላው አሥር አሥር ይገዛና ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣል፣ ባለሱቁ ደግሞ ነገ ይወደዳል ብሎ የማይመለስ ዕቃ ይከምራል። ክሌርሞንት ራሱ ከአሠራሩ ጋር አልተስማማም፤ ቁጥር 3 ላይ ጥሎ ወጣ። መጽሐፉን መጽሐፍ ያደረገው ሰው የወጣው ብዙ በተሸጠበት በዚያው ሰሞን ነው።

ሰው እንዲህ ያበደው ለምንድነው? በጋዜጣ የድሮ ኮሚክ ዋጋ ስላነበበ ነው። እውነት ነው፣ ሱፐርማን የመጣበት የ1938ቱ «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 በ2024 በ6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ግን ያ የተወደደው አሮጌ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ልጆች አንብበው ቀደዱት፣ እናቶች ጣሉት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወረቀት ሲሰበሰብ ለመንግሥት ተሰጠ፤ የተረፈው ጥቂት ነው። የ1991ዱን ግን ማንም አልጣለም። ሚሊዮኖች በፕላስቲክ ከረጢት ከተውት፣ ጀርባው ላይ ካርቶን አድርገው፣ ጨለማ ቦታ አስቀመጡት። ሁሉም ሰው ያስቀመጠው ዕቃ እንዴት ብርቅ ይሆናል? በ1993 አካባቢ አረፋው ፈነዳ። ሱቆች በየከተማው ተዘጉ። ማርቭል ራሱ በዲሴምበር 1996 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በየሱቁ ጠረጴዛ ሥር «እያንዳንዱ አንድ ዶላር» የሚል ሣጥን ካያችሁ የዚያ ዘመን አፅም ነው።

ይህን ሁሉ የምተርክላችሁ ከስም ጋር ባላነሳውም አንድ የሥራ ባልደረባችን ስላጋጠመው ነው። አንድ ሰው ሦስት ረጃጅም ሣጥን ሙሉ ኮሚክ በ2,500 ዶላር ልሽጥልህ አለው። «ለልጅህ ኮሌጅ ይሆናል፣ ከአሥር ዓመት በኋላ እጥፍ ነው» ተባለ። ገንዘቡም በእርግጥ ለልጁ ኮሌጅ ብሎ በሌሊት ሥራ ያጠራቀመው ነው። ፎቶ ልኮልኝ አየሁት። ከ1990 እስከ 1995 ያለ ነው በሙሉ፤ የሚያብለጨልጭ ሽፋን፣ ከነላስቲኩ ያልተከፈተ፣ የ1991ዱም ቁጥር 1 አሥራ አንድ ቅጂ ይዟል። ሦስቱን ተበድረህ የትኛውም ኮሚክ ሱቅ ወስደህ «ትገዙኛላችሁ?» በል አልኩት። ባለሱቁ መልስ ሳይሰጥ በጣቱ ጠረጴዛው ሥር ያለውን የአንድ ዶላር ሣጥን አሳየው። ገንዘቡ ዛሬም ባንክ አለ፣ ልጅቷም አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳለች።

ስለዚህ በውስጥ መስመር ስለ ሀብት ለጠየቃችሁኝ፦ በጥሩ ይዞታ ያለ የ1975 ጃይንት-ሳይዝ ቁጥር 1 ወይም ቁጥር 94 ሺህ ዶላሮች ያወጣል፣ አዎ። ግን ያንን የሚነግዱ ሰዎች ሥራቸው ነው። ከ2000 ጀምሮ ሲ.ጂ.ሲ የሚባል ድርጅት ኮሚኩን መርምሮ ከ10 ነጥብ ይሰጥና በደረቅ ፕላስቲክ ያሽገዋል። ከታሸገ በኋላ ገጹን መግለጥ የለም፤ ተቀብሮ የማይጠጣ ጠጅ በሉት። ነጥቡ ከ9.8 ወደ 9.4 ሲወርድ የዋጋው ልዩነት የአንድ ወር የታክሲ ገቢ ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱ ደግሞ ለእኔና ለእናንተ ዓይን አይታይም። በማይታይ ነገር የልጅ ኮሌጅ አይነገድም።

ለማንበብ ለምትፈልጉ ግን መንገዱ ሰፊ ነው። ከጥቂት አሥርት ዓመት ወዲህ አሳታሚው የድሮዎቹን ቁጥሮች እየሰበሰበ በጥራዝ ያትማል። «ማስተርዎርክስ» የሚባለው ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ አሥር ያህል ቁጥር የሚይዝ፣ ለመደርደሪያ የሚያምር ነው። «ኦምኒበስ» የሚባለው ስምንት መቶ ገጽና ከዚያ በላይ የሆነ ጡብ ነው። ቤት ጠረጴዛ ላይ ጥሩ ነው፣ መሪ ላይ ደግፌ ሳነበው ግን ጡሩምባው ጮኸብኝና ወረፋው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «ኢሴንሻል» የሚባሉት ከ1996 ጀምሮ የወጡ በርካሽ ወረቀት የታተሙ፣ ቀለም የሌላቸው ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ አሮጌ መጽሐፍ ቤት በጥቂት ዶላር ይገኛሉ፣ አንዱ ከሃያ ቁጥር በላይ ይይዛል። እኔ የጀመርኩት በእነሱ ነው፣ አንዳንዱን ሥዕል እንደውም ያለ ቀለም እመርጠዋለሁ።

ዛሬ ለቤተሰብ የምመክረው «ኤፒክ ኮሌክሽን» የሚባለውን ነው። ለስላሳ ሽፋን፣ ሙሉ ቀለም፣ አራት መቶ ገጽ ከፍ ያለ። አንድ የሚያደናግር ነገር አለው፤ ጀርባው ላይ ያለው ቁጥር የታሪኩን ቅደም ተከተል ነው የሚያሳየው፣ የታተመበትን አይደለም። የ1975ቱ ጅማሮ ያለበት ጥራዝ ጀርባው ላይ 5 ይላል። የእናንተ አንደኛ መጽሐፍ እሱ ነው፤ ባለሱቁ «አንደኛውን ሳታነቡ?» ቢላችሁ አትደንግጡ። ሌላው ችግር አንዱ ጥራዝ ሲያልቅ ወዲያው ላይታተም ይችላል፣ ያኔ ኢንተርኔት ላይ ያሉ አትራፊዎች ዋጋውን ሦስት እጥፍ ያደርጉታል። አትክፈሉ፣ ይታተማል፣ ቆዩ።

እስከዚያ ላይብረሪ አለላችሁ። እዚህ አካባቢ ያሉት ላይብረሪዎች የኮሚክ መደርደሪያቸው ብዙ ሱቅ ያስንቃል፣ የሌላቸውንም ከሌላ ቅርንጫፍ ያስመጣሉ፣ ካርዱም ነፃ ነው። በታብሌት ማንበብ ለማይከብደው ደግሞ የማርቭል የራሱ አፕ በወር አሥር ዶላር አካባቢ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያለውን ከፍቶ ይሰጣል። ሁለት ወር ከፍሎ ልጁ በእርግጥ ይወደው እንደሆነ አይቶ ከዚያ መጽሐፉን መግዛት ከሁሉ የሚሻል ይመስለኛል።

ከ1991 በኋላ ያለውስ? በብዛት ዝለሉት። የ2001ዱ ግራንት ሞሪሰን፣ የ2004ቱ ጆስ ዊደን፣ የ2019ኙ ጆናተን ሂክማን የጻፏቸው ለየብቻ ይነበባሉ፣ ጥሩም ናቸው። ያ ሁሉ ቁጥር 1 ከየት መጣ ላላችሁኝ፣ ከ1963 ጀምሮ ሲቆጥር የመጣው መጽሐፍ በ2011 ቁጥር 544 ላይ ሲደርስ ተዘጋና ከ1 ተጀመረ፣ ከዚያም በ2013፣ በ2016፣ በ2018 እንደገና ከ1። ቁጥር 1 የሚል ሽፋን ይሸጣል፣ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ኦሪጅናል ወረቀቱን መንካት ለሚወድ ሰው ደግሞ ከ1983 እስከ 1989 ያሉትን ፈልጉ፤ ብዙዎቹ በጥቂት ዶላር ይገኛሉ። ጥራዞቹ በአብዛኛው የማያስገቡት ነገር አለባቸው፣ የአንባቢ ደብዳቤና የዘመኑ ማስታወቂያ። ቤዝመንት አታስቀምጡ፣ የዲሲ ክረምት እርጥበት ሽቦውን ያዝገዋል። ከእነዚህ ውስጥ አንዷን ብቻ ምረጥ ካላችሁኝ ቁጥር 198ን፣ የ1985ቷን እመርጣለሁ፣ ዋጋዋ ያኔ 65 ሳንቲም። ባሪ ዊንዘር-ስሚዝ ነው የሣላት። ስቶርም ኃይሏን አጥታ አፍሪካ ትመለሳለች፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ይዛ ድርቅ ወደመታው መንደር ትደርሳለች፤ እዚያ አዲስ ሕፃን ሲወለድ ለአንድ አፍ የሚበቃ ቦታ እንዲኖር ሽማግሌው ይሄዳል። መብረቅ የለም፣ ጦርነት የለም። ያ ዓመት ለእኛ የሰባ ሰባቱ ረሃብ ዓመት ነው።

በዚያው 1985 ማርቭል «ሂሮስ ፎር ሆፕ» የሚል የኤክስ-ሜን ልዩ ቁጥር አወጣ፤ ገቢው ለአፍሪካ ረሃብ እርዳታ። እስቲቨን ኪንግ፣ አላን ሙር፣ ጆርጅ አር አር ማርቲን የመሳሰሉ ጸሐፊዎች ከተለያዩ ሠዓሊዎች ጋር ጥቂት ጥቂት ገጽ ሠሩበት። ጠላታቸው በሰው ረሃብና ተስፋ መቁረጥ የሚመገብ መንፈስ ነገር ነው። በሚቀጥለው ዓመት ተፎካካሪው ዲሲ ኮሚክስ ሱፐርማንና ባትማንን ኢትዮጵያ ድረስ ልኮ «ሂሮስ አጌንስት ሀንገር» የሚል አወጣ። ሁለቱንም ሳነብ የተደበላለቀ ስሜት ነው ያለኝ። ረሃቡ መንፈስ አልነበረም፣ ድርቅም ብቻ አልነበረም፤ ጦርነትና የመንግሥት ሥራ እንደነበረበት ከዚያ የወጣን እናውቃለን። ግን በዚያ ዓመት ኒውዮርክ የተቀመጡ ሠዓሊዎች በነፃ ሠርተው ሳንቲሙን ለእኛ ሰጥተዋል፣ ያም አይረሳም። ሰብሳቢዎች ስለማይፈልጓቸው ሁለቱም ዛሬ ርካሽ ናቸው፤ እኔ «ሂሮስ ፎር ሆፕ»ን ያገኘሁት ከዚያው ከጠረጴዛ ሥር ሣጥን ውስጥ ነው፣ ሽፋኑ ትንሽ ከታጠፈ በቀር ደህና ነው። ዲሲ ያላችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ታክሲው ውስጥ ይዤው ነው የምዞረው፤ ጠይቁኝ፣ አሳያችኋለሁ። በወጥ እጅ ብቻ እንዳትነኩት።